ስለ ጓሮ ዕቃ ቤት አሠራር

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ እንግዳ መቀበያ ክፍል አያያዝ ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ እንግዳ ወደማይገባበት፥ ባለቤቱም ራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ወደማይጐበኘው ቤት፥ ማለት ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት እንሄዳለን። የሳሎን ወንበር ቢያረጅ እንግዳ ያየዋልና ቶሎ ይለወጣል። የጓሮው ዕቃ ቤት ግን ግድግዳው ቢያዘነብል በባላ ይደገፋል፤ ክዳኑ ቢቀደድ ቁራጭ ቆርቆሮ ይጣልበትና ድንጋይ ይጫንበታል፤ ለከርሞ እናየዋለን እየተባለ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያልፋል። ይሁን እንጂ የዓመቱ ቀለብ የሚቀመጠው፥ ማገዶው የሚደርቀው፥ የሥራ መሣሪያው የሚጠበቀው፥ በብዙ ግቢም ዘበኛው የሚያድረው በዚሁ ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱ የተናቀ ይምሰል እንጂ የቤተ ሰቡ ኑሮ ከሚደገፍባቸው ምሰሶዎች አንዱ ነው።

ይህንንም በጥቅምት ወር የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ በግድግዳው ላይ የተወው ምልክት ገና አልጠፋምና፥ ርጥበቱ እስከ የት እንደ ወጣ፥ ምርጊቱ ከየት እንደ ተቦደሰ፥ ውሃው በየት በኩል እንደ ገባ ዛሬ በዓይን ይታያል። ደግሞም ከአሁን ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ያለው ጊዜ መሠረት ለመቈፈርም ሆነ ጭቃ ለማድረቅ የተመቸ ነው። ግንቦት ከደረሰ በኋላ የተጀመረ ሥራ ግን ክዳን ሳይለብስ ሰኔ ይደርስበታል።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ፥ አሮጌው ቤት ይጠገን ወይስ ፈርሶ እንደ ገና ይሠራ የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር የሰው ምክር ከመጠየቅ በፊት ቤቱን ራሱን መመርመር ይሻላል። ስለታም ቢላዋ ወይም ወስፌ ይዞ የእያንዳንዱን ቋሚ እንጨት እግር ከመሬቱ ልክ ጥቂት ከፍና ዝቅ እያሉ መውጋት ነው። ደኅና የሆነው እንጨት ቢላዋውን ይመልሳል፤ የበሰበሰው ግን እንደ ዳቦ ያስገባዋል። የተበላሹት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢሆኑ እነርሱን ለውጦ ቤቱን ማቆየት ይቻላል። ከሲሶ በላይ ሆነው ቢገኙ ግን ቤቱ እግር የለውምና፥ በእንደዚህ ያለ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ማልበስና ግድግዳ መምረግ ገንዘብን መጣል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ባለቤቱ በበጋ አስቦ ቢያፈርሰው በክረምት ሌሊት ራሱ በእህሉ ላይ ከሚፈርስ እጅግ ይሻላል።

የጓሮ ቤት ብዙ ጊዜ ሞቱ ከእግሩ ይጀምራል። ምክንያቱ እንዲገባ አንድ ትንሽ ሂሳብ እናቅርብ። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት፥ ክዳኑ በየወገኑ ግማሽ ሜትር ወጣ ቢል 30 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በአዲስ አበባ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነውና፥ ከዚህች ትንሽ ቤት ክዳን በዓመት 33,000 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ ይኸውም 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ቢሰፈር 165 በርሜል ነው። ከዚህም አብዛኛው የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። አሸንዳ በሌለበት ቤት ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው በግድግዳው ሥር ነው። መሬቱን ያረሰርሳል፥ እየተፈናጠረም ምርጊቱን ያጥባል፥ እንጨቱንም ከታች ወደ ላይ ያጠጣዋል።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃና አየር ሁለቱንም ይፈልጋል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ርጥበት ከደረቁ ክብደት ከመቶ 20 እጅ በታች የሆነ እንደ ሆነ ሻጋታው ሊያድግ አይችልም። በመሬት ውስጥ የተተከለ ቋሚ ከመሬቱ ልክ ላይ ፈጥኖ የሚበሰብሰውም ርጥበቱና አየሩ ሁለቱም በዚያ ስፍራ ስለሚገናኙ ነው። እንደ ምዕራብ ወለጋ ባለው ምስጥ በሚበዛበት አገር ደግሞ መሬት የነካ እንጨት ሌላም ጠላት አለበት። እንጨት ግን ደረቅ ሆኖ ከኖረ ዕድሜው እጅግ ይረዝማል። በላስታ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ በ12ኛው መቶ ዓመት ተሠርቶ ዋሻው ከዝናብ ስለ ጋረደው እስከ ዛሬ ቆሟል። የገበሬው ጎተራም ከመሬት ከፍ ተደርጎ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ የሚቀመጠው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ አዲስ ዕቃ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው፥ የቤቱን እግር እንዴት አድርጌ ከውሃ ላድን የሚለውን ነው።

ስለ ስፍራው። አሮጌው ቤት የነበረበት ቦታ ስለ ተለመደ ብቻ አይመረጥ። ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይታይ፤ ከዋናው ቤት ክዳን የሚወርደው ውሃ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚፈስ ከሆነ ስፍራውን መለወጥ ወይም ከላይ በኩል ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል። የጎረቤት አጥርም ቢሆን ተደግፈውበት ሊሠሩ አይገባም፤ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ከተተወ ግድግዳው ነፋስ ያገኛል፥ አሸንዳውም ይጠረጋል፥ ከጎረቤት ጋራም ክርክር አይነሣም። ከመቈፈሩ በፊት ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከወረዳው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ሌላውን ሕግ እንዲያከብር የሚያዝ ሹም በራሱ ጓሮ ያለ ፈቃድ ቢሠራ ለቤተ ሰቡም ለሠፈሩም መጥፎ ምሳሌ ይሆናል።

ስለ መሠረቱ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቤት መሠረቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቈፍሮ፥ ጠንካራው አፈር ከተገኘ በኋላ በጥቁር ድንጋይ ይገነባል። አፈሩ በበጋ የሚሰነጠቅ፥ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር መረሬ ከሆነ ግን ይህ ልክ አይበቃምና ያን አፈር ጠርጎ ማውጣት ወይም ከሥሩ አልፎ መቈፈር ግድ ይሆናል። ግንቡም በመሬቱ ልክ ላይ አይቁም፤ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ብዙ ሰዎች ገንዘብ ለመቈጠብ ሲሉ የሚቀንሱት ይህን ከፍታ ነው፤ ነገር ግን ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ሆኖ ሳለ ለቤቱ ዕድሜ ትልቁን ነገር የሚሠራ እርሱ ነው። የእንጨት ቋሚ የሚቆምም ከሆነ በመሬት ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ በዚህ ግንብ ላይ፥ በሲሚንቶ ውስጥ በተተከለ ብረት ተይዞ ይቁም። በመሬት ውስጥ ከመትከል በቀር ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ጥድ ወይም ወይራ ይፈልግ፤ ሁለቱም መበስበስን የሚቋቋሙ ናቸውና። ዙሪያውን የሚፈሰው ሲሚንቶም ውሃ እንዳይቋጥር ከእንጨቱ ወደ ውጭ ያዘቀዝቅ።

ስለ ግድግዳው። የብሎኬት ግድግዳ ለመሥራት የሚችል ሰው ሂሳቡን አስቀድሞ ይወቅ። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለ1 ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ይሄዳል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ቤት ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ቢሆን፥ በሩና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ስላለው 500 ብሎኬት ይፈልጋል፤ ለሚሰበረውም 25 ያህል ይጨመር። በግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን ብረት ያለበት የሲሚንቶ ማሰሪያ እንዲዞር ማድረግም አይረሳ። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባም ተሰምቶ ነበርና፥ ያልታሰረ ግንብ አደጋ እንዳለበት ሁላችንም ልናስብ ይገባል።

የጭቃ ግድግዳም ቢሆን አይናቅ። በተላጠና በደረቀ ባሕር ዛፍ ቆሞ፥ ማገሩ በሚገባ ተመትቶ፥ ከጭድ ጋራ ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ቢመረግ፥ እግሩም በድንጋይ ግንብ ላይ ቢሆን፥ ወጪው ጥቂት ሆኖ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ውስጡም በቀን አይግልም፥ በሌሊት አይበርድም። ባሕር ዛፉን ሳይልጡ ማቆም ግን ስሕተት ነው፤ ከልጣጩ በታች ርጥበትም ነቀዝም ይሸሸጋልና። ጭቃው ሳይደርቅ ልስን ማልበስም አይገባም፤ ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁ ተደፍኖ ከደረቀ በኋላ ግን በኖራ ቢለሰን ውበትም ጥንካሬም ያገኛል።

ስለ ክዳኑ። ቆርቆሮ ሲገዛ በቁጥሩ መታለል የለበትም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራልና፥ 28 ቁጥር ከ32፥ 32ም ከ35 ይበልጣል። ዝናቡ ቶሎ እንዲወርድ በየሜትሩ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይሰጠው። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጀርባ፥ ማለት ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ይመታ፤ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ሚስማር ቀዳዳው የማይቀር ማፍሰሻ ይሆናል። በጎን በኩል አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ አንድ ሞገድ ተኩል ያህል ይደረብ፤ ከላይና ከታች በሚገናኙበትም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይነባበር። ክዳኑ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ወጣ ይበል፥ በጠርዙም አሸንዳ ይደረግለት። አስቀድመን የቈጠርነው 165 በርሜል ውሃ በዚህ አሸንዳ ወደ ታንከር ቢገባ፥ ግድግዳውን ያፈርስ የነበረው ጠላት ለአትክልትና ለልብስ አጠባ አገልጋይ ይሆናል። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ቀን ብቻ 6 በርሜል ይገኛልና።

ስለ ወለሉ። የአፈር ወለል ለአይጥ በር ነው፥ ለእህልም ርጥበት ነው። በተጠቀጠቀ ድንጋይ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሚንቶ፥ አሸዋና ጠጠር ድብልቅ ቢፈስበት 20 ካሬ ሜትሩ 2 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ለአንድ እጅ ሲሚንቶ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር ቢሆን 50 ኪሎ የሚመዝነው ጆንያ 13 ያህል ያስፈልጋል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ በርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ። ይህን ትእግሥት ያጣ ወለል ላዩ ዱቄት እየሆነ ይጠረጋል፤ የሚታሰበውን ጥንካሬ የሚያገኘው 28 ቀን ሲሞላው ነውና ከባድ ጭነት ከዚያ በፊት አይጫንበት። እህሉም በወለሉ ላይ አይዘርጋ፥ በግድግዳውም ላይ አይደገፍ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ነፋስ ያግኘው። ለነፋስ የሚተወው ቀዳዳ ከታችና ከላይ፥ ፊት ለፊት በተያዩ ግድግዳዎች ላይ ሆኖ አይጥ በማያስገባ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

አሁን ከቀለብና ከማገዶ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። በብዙ ግቢ ዘበኛው ወይም ሌላው የቤት ሠራተኛ የሚያድረው በዚሁ ዕቃ ቤት፥ በእህል ጆንያና በማገዶ መካከል ነው። በክረምት ሌሊት ብርዱ ሲበረታበት የከሰል ምድጃውን አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ፍም የሆነ ከሰል ጢስ ስለማይታይበት ብዙ ሰው ጉዳት የሌለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፥ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጣቢያው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነፍሱ ታልፋለች።

እንግዲህ የቤቱ ጌታና እመቤት ይህን ሲያስቡ «እርሱ ራሱ ምድጃውን ያስገባው» ብለው ከኃላፊነት ሊድኑ አይችሉም። ምድጃውን ያስገባው ብርድ ነው፤ ብርዱንም ያስገባው የተሰነጠቀው ግድግዳ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቤት ሲሠራ በአንድ ክዳን ሥር እንኳ ቢሆን የሰው ማደሪያ በሙሉ ግድግዳ ከዕቃው ተለይቶ፥ የራሱ በርና የሚከፈት መስኮት ይኑረው። አልጋና ወፍራም ብርድ ልብስም ይሰጠው። ከሰል ግን በማንኛውም ሁኔታ በተዘጋ ማደሪያ ውስጥ እንዳይገባ ትእዛዙ ቁርጥ ይሁን፤ መስኮት አለ ተብሎም አይፈቀድ። ለዚህ ክፍል የሚጨመረው ወጪ ከአንድ መለያ ግድግዳ፥ ከአንድ በርና ከአንድ መስኮት አይበልጥም ማለት ይቻላል። ከሌላው ሁሉ መቈጠብ ይቻል ይሆናል፤ ከዚህ ግን መቈጠብ አይገባም።

ስለ ውሉም ጥቂት እንናገር። ሥራው በቁርጥ ከተሰጠ ግንበኛው ለመፍጠን፥ በቀን ሂሳብ ከተሰጠ ደግሞ ለመዘግየት ምክንያት ያገኛል። ለዚህ የሚበጀው፥ ክፍያውን በደረጃ ከፍሎ በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፥ ግድግዳው ሲያልቅ ይህን ያህል፥ ክዳኑ ሲለብስ ይህን ያህል እየተባለ ይወሰን። መሠረቱ በአፈር ሳይሸፈን ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ጥልቀቱን በሜትር ይለካ፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚለካው ክረምት ብቻ ነው። ከአሮጌው ቤት የሚገኘው ዕቃም ይለይ። ያልዛገው ቆርቆሮ ለማገዶ መጠለያ፥ ደኅናው ማጠፊያና መቀርቀሪያ ለአዲሱ በር ይሆናል። ነቀዝ የገባበት እንጨት ግን በአዲሱ ቤት አጠገብ ሳይከመር ቶሎ ይማገድ።

አሮጌው ቤት ሲፈርስ ከሣጥኖች ሥር የቆዩ ወረቀቶች መገኘታቸው የተለመደ ነው። የአያት ፎቶግራፍ፥ የጋብቻ ውል፥ የይዞታ ማስረጃ፥ የአባት ደብዳቤ፥ አንዳንዱ በርጥበት ተጣብቆ አንዳንዱ በአይጥ ተቈርጦ ይወጣል። እህል ቢበላሽ በሚመጣው ዓመት ይታረሳል፤ የአያት ፎቶግራፍ ግን እንደ ገና አይነሣም። ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ቤት የቱንም ያህል ቢያምር እንዲህ ያለው ነገር ወደዚያ አይመለስ። በዋናው ቤት ውስጥ፥ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ሣጥን ይቀመጥ፤ ልጆችም ያሉበትን ይወቁ።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚፈልገው ጥበቃ በዓመት ሁለት ቀን ነው። በግንቦት መጨረሻ አሸንዳው ከቅጠል ይጠረግ፥ የላላው ሚስማር ይጥበቅ፥ በግድግዳው ሥር ያለው ቦይ ይከፈት። በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ግድግዳው ዙሪያውን ይታይ፥ የተቦደሰው ይመረግ፥ እንጨቱም እንደ መጀመሪያው በቢላዋ ይፈተን። ይህን ሥራ የቤቱ ጌታ ልጆቹን አስከትሎ ቢያደርገው መልካም ነው። ልጅ ቤት ከየት በኩል እንደሚፈርስና በማን ጥበቃ እንደሚቆም በዓይኑ አይቶ ሲያድግ፥ የተረከበውን ነገር አያፈርስም።

አንባቢዎቻችን በዚህ ሳምንት አንድ ቢላዋ ይዘው ወደ ጓሮ ብቅ እንዲሉ እናሳስባለን። ዘበኛው የሚተኛበትንም ስፍራ በዚያው ቀን ይዩ። በሚመጣው ሳምንት እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ እንጽፋለን።